ሺህ ክሊፕ ቆርጠህ 20 ሰከንድ ላይ ስትቆም

የደረሰኝ ጥያቄ አጠር ሲል ይኼ ነው (ኤኤምቪ ማለት የአኒሜ ትዕይንቶችን ቆራርጦ በዘፈን ላይ የሚሠራ ቪዲዮ ነው፣ ፉልሜታል አልኬሚስት ብራዘርሁድ የጃፓን አኒሜ ተከታታይ፣ ካፕከት ደግሞ የቪዲዮ መቁረጫ መተግበሪያ)፦

«ሰላም ወንድሜ። ከፉልሜታል አልኬሚስት ብራዘርሁድ ኤኤምቪ ልሠራ ተነሣሁ፣ ስለ ሁለቱ ወንድማማቾች፣ በአማርኛ የትዝታ ዘፈን። 64ቱንም ክፍል አውርጄ ደስ ያለኝን ሁሉ በካፕከት እየቆረጥኩ አስቀመጥኩ። አሁን አንድ ፎልደር ውስጥ 1,100 ክሊፕ አለኝ፣ ስማቸው 1፣ 2፣ 3 እያለ ይሄዳል። ዘፈኑ 4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ነው። ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ የሠራሁት 20 ሰከንድ ብቻ ነው። እናንተ እንዴት ነው የምትመርጡት? እንዴትስ ታደራጁታላችሁ? የቆረጥኳቸውን ላጥፋቸው ወይ?»

አይዞህ። እኔ እንጀራዬ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ነው፤ ኤኤምቪ የምሠራው ማታ ማታ ነው፣ ደንበኛ በማይደውልበት ሰዓት። የመጀመሪያዬን የሠራሁት ልክ እንዳንተ ነው። ደስ ያለኝን ቆረጥኩ፣ ከመርኩ፣ ከዚያ ክምሩን እያየሁ ቁጭ አልኩ። ስለዚህ ልቆጣህ አልችልም።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንይ። አንድ ክፍል 24 ደቂቃ አካባቢ ነው። የመክፈቻና የመዝጊያ ዘፈኖቹ እያንዳንዳቸው አንድ ደቂቃ ተኩል ይወስዳሉ፣ እነሱ ሲወጡ 21 ይቀራል። በ64 ስታባዛው 1,344 ደቂቃ ነው፣ 22 ሰዓት ከምናምን። ዘፈንህ ደግሞ 250 ሰከንድ ነው። ዘገም ላለ ዘፈን አንድ ክሊፕ በአማካይ ሁለት ሰከንድ ተኩል ይቆያል ብንል የሚያስፈልግህ 100 ክሊፕ ነው። በቃ፣ መቶ። አንተ መቶ ወንበር ለተደረደረበት ድንኳን 1,100 ሰው ጠርተህ በር ላይ ቆመሃል፣ ማንን ላስገባ እያልክ።

ግን እውነቱን ለመናገር ብዛቱ አይደለም የያዘህ። የያዘህ የመረጥክበት ሚዛን ነው። «ደስ ያለኝን ሁሉ» ብለሃል። ደስ የሚል ክሊፕ ሁሉ ቪዲዮ ውስጥ ሲገባ አይሠራም፣ ምክንያቱም ክሊፕ ለብቻው ትርጉም የለውም። ትርጉሙን የሚያገኘው ከፊቱና ከኋላው ካለው ነው። ይኼን ካመንክልኝ የቀረው ሁሉ ከዚህ ይመጣል።

አልፎንስን አስበው፣ ታናሽየውን፣ ገላውን አጥቶ ነፍሱ በብረት ጥሩር ውስጥ የቀረችውን። ፊቱ ብረት ነው። አይስቅም፣ አያለቅስም፣ ግንባሩን አይቋጥርም። ታዲያ ለምንድን ነው ስታየው አሁን አዘነ፣ አሁን አፈረ፣ አሁን ተስፋ አደረገ የምትለው? በድምፁ ነው ካልክ፣ ድምፁን አጥፍተህ ሞክረው። የራስ ቁሩን ሾት (ሳይቆረጥ የሚታይ አንድ ምስል) ከተቃጠለው ቤታቸው ቀጥለህ አስቀምጠው፣ አዝኗል። ያንኑ ሾት፣ አንድ ፍሬም (ቪዲዮው የተሠራበትን ነጠላ ሥዕል) ሳትቀይር፣ ታላቅየው ኤድዋርድ ተጋድሞ ከሚያንኮራፋበት ቀጥለህ አስቀምጠው፣ አሁን ደግሞ በፍቅር እያየው ነው። ሩሲያዊው የፊልም ሰው ሌቭ ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ ያደረገው ይኼንኑ ነው። የአንድን ተዋናይ አንድ ፊት ወስዶ አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን፣ አንዴ ከአንዲት ሴት ጋር ቀጠለው፤ ሰዉም ረሃብ፣ ሐዘን፣ ምኞት አየሁ አለ። ፊቱ ያው ነበር። አልፎንስ የኩሌሾቭ ሙከራ በሁለት እግሩ ሲሄድ ማለት ነው፣ አንተ ደግሞ ስለ እሱ ቪዲዮ ልትሠራ ነው። እድለኛ ነህ።

የኤኤምቪ አጀማመር ራሱ እዚሁ ላይ ነው። የመጀመሪያው ነው ተብሎ የሚነገርለት የ1982ቱ የጂም ካፖስታስ ሥራ ነው። ሰውየው አሜሪካ ውስጥ ሁለት የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ አገናኝቶ ስታር ብሌዘርስ የተባለውን አኒሜ በጣም ኃይለኛ የውጊያ ትዕይንቶች በቢትልስ የፍቅር ዘፈን ላይ ለጠፋቸው። ሰው ሳቀ። ፍንዳታው ያው ፍንዳታ ነው፣ ዘፈኑ ጎኑ ሲቆም ግን ቀልድ ሆነ። ሌላም ነገር ልብ በል። ከካሴት ወደ ካሴት ስትቀዳ መሃል ላይ አንድ ሾት ልጨምር ብትል አይቻልም፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ እንደገና መቅዳት ነው። ስለዚህ እነዚያ ሰዎች የመቅጃውን ቁልፍ ከመጫናቸው በፊት ቅደም ተከተሉን ያውቁት ነበር። እኛ እንደፈለግን ማንቀሳቀስ ስለቻልን ሳናስብ እንጀምራለን፣ ከዚያ 20ኛው ሰከንድ ላይ እንቆማለን።

ስለዚህ ላፕቶፑን ዝጋው። ወረቀትና ስክሪብቶ፣ ስልክህ ላይ ዘፈኑ። ሌላ ምንም።

ዘፈኑን ሳትጽፍ ሦስት ጊዜ ስማው። ከዚያ እየሰማህ በሰከንድ ጻፍ፤ መግቢያው ከዚህ እስከዚህ፣ ክራሩ እዚህ ገባ፣ የመጀመሪያው አዝማች እዚህ፣ ዘፋኙ እዚህ ትንፋሽ ወሰደ፣ እዚህ ድምፁ ተሰበረ፣ እዚህ ግጥም የሌለው ሙዚቃ ብቻ አለ። በተለይ ትንፋሹን ጻፍ። ጀማሪ ሁሉ ከበሮውን ይጽፍና ዝምታውን ይረሳዋል፣ ትዝታ ውስጥ ግን ሰውን የሚገድለው ዝምታው ነው። ስትጨርስ ከስድስት እስከ ስምንት የሚሆኑ ቦታዎች ላይ ክብ አድርግ፣ «እዚህ ላይ የሆነ ነገር ካልሆነ ዘፈኑ ይቀየመኛል» የምትላቸው ላይ። እነዚህን ችካል ልበላቸው። በኋላ እንመለስባቸዋለን።

ግጥሙ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ዘፋኙ «መንገድ» ሲል መንገድ፣ «ዓይን» ሲል ዓይን፣ «እሳት» ሲል እሳት ማሳየት። ይኼ ሰሙን ብቻ መቀባት ነው። አንድ ሁለት ቦታ ያምራል፣ ሰው ፈገግ ይላል፣ አሥር ቦታ ከሆነ ግን የመዋዕለ ሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ ይመስላል። ዘፋኙ መንገድ ሲል ማለት የፈለገው ተለይቶ መቅረትን ከሆነ፣ ባዶ ወንበር ከመንገዱ ይሻላል። አማርኛ ዘፈን የመረጥክ ሰው ወርቁን ትተህ ሰሙን ብትይዝ ያስቆጫል።

ቀጥሎ ቪዲዮው ምን እንደሚል በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፍ። «ስለ ወንድማማችነት» አይበቃም፣ እሱ ርዕስ ነው። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፍ ነበር፦ «ታናሹ ገላውን ይጠብቃል፣ ታላቁ ጥፋቱን ይከፍላል።» የአንተ ሌላ ሊሆን ይችላል። ዐረፍተ ነገሩ የበር ጠባቂህ ነው። አሁን ከ1,100ው እያንዳንዱን ጠይቀው፣ ትጠብቃለህ? ትከፍላለህ? ሁለቱንም ካልሆነ ይውጣ። በእሳት የሚዋጋው መኮንን የሮይ ማስታንግ እሳት ይወጣል። አውቃለሁ፣ ያማል፣ ተከታታዩ ውስጥ ካሉት እጅግ ከሚያምሩት መካከል ነው። ግን ቪዲዮው ስለ ሮይ አይደለም። ሠርግ ላይም እንዲሁ ነው፤ የሙሽራዋ አክስት የተቀረፀችው እጅግ ባማረ ብርሃን ሊሆን ይችላል፣ ቃል ኪዳኑ መሃል ግን አላስገባትም። (አክስትየዋ ቪዲዮውን አይታ ስንት ጊዜ እንደታየች እንደምትቆጥር አውቃለሁ። ለእሷ ጭፈራው አለ።)

አሁን ላፕቶፑን መክፈት ትችላለህ። ዐረፍተ ነገርህን የሚነኩትን ክፍሎች ብቻ እንደገና እይ፣ ድምፁን አጥፍተህ። ድምፁን ማጥፋት የምለው ለማሳመር አይደለም። ማስታንግ የሞተው ጓደኛው የሂዩዝ መቃብር ላይ ቆሞ ዝናብ እየዘነበ ነው የሚልበትን ታስታውሳለህ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ። እዚያ ላይ ያላለቀሰ የለም። ግን ያስለቀሰህ ንግግሩ ነው፣ «ዝናብ ነው»፣ «ኧረ አልዘነበም»፣ ከዚያ እንባው። ኤኤምቪ ውስጥ ንግግሩ የለም። የሚቀርልህ ባርኔጣውን ዝቅ ያደረገ ሰውና አንድ ጠብታ ነው። አሁንም ጥሩ ሾት ነው፣ ግን ያን ያህል አይደለም። ከ1,100ው ውስጥ እንደዚህ ያሉ በጣም ብዙ እንደሚኖሩ እወራረዳለሁ፣ ያን ጊዜ በነበረው ንግግርና በሙዚቃው የወደድካቸው፣ ድምፁ ሲጠፋ ግን ባዶ የሆኑ።

እያየህ ክሊፕ አትቁረጥ። ይኼን በትልቁ ጻፈው። እያየህ መዝግብ ነው የምልህ። አንድ የኤክሴል ሠንጠረዥ ክፈት፣ ደብተርም ይሆናል። እኔ የምጽፋቸው እነዚህን ነው፦ የክፍሉ ቁጥር፣ ደቂቃና ሰከንዱ፣ ማን እንዳለ፣ ምን እንደሚያደርግ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ ከምን ያህል ርቀት እንደተሳለ፣ አፉ ይንቀሳቀሳል ወይ፣ እና ደረጃው። ብዙ ይመስላል፣ ለአንድ ሾት አሥር ሰከንድ ነው።

«ምን ያደርጋል» የሚለውን በአንድ ግስ ብቻ ጻፈው። ይጠብቃል። ዞር ይላል። እጁን ይዘረጋል። ይወድቃል። በር ይዘጋል። «አሳዛኝ»፣ «አሪፍ»፣ «ልብ የሚነካ» ብለህ አትጻፍ። ስሜቱን የሚሰጠው ጎረቤቱ ነው ብለናል፤ አሳዛኝ ብለህ ከጻፍክ ያንን ሾት ለደስታ ልትጠቀምበት እንደምትችል ራስህን አስረሳኸው ማለት ነው። ግሱ ግን የትም ቢሄድ ግስ ነው። ደግሞ ስትፈልግ የምትፈልገው በግስ ነው፤ ኤዲት እያደረግክ «እዚህ ላይ እጅ የሚዘረጋ ሰው ቢኖረኝ» ነው የምትለው እንጂ «ከ31ኛው ክፍል የሆነ ነገር ቢኖረኝ» አትልም።

«ወዴት» ማለት ሰውየው በስክሪኑ ላይ የሚሄድበት ወይም የሚያይበት አቅጣጫ ነው፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ወደ እኛ፣ ከእኛ። ኤድዋርድ ወደ ቀኝ እያየ አልፎንስ ወደ ግራ እያየ ቢቀጣጠሉ፣ በመካከላቸው አሥር ክፍል ቢኖርም፣ ተመልካቹ ተያዩ ይላል። ሁለቱም ወደ ቀኝ የሚያዩ ከሆነ አንድ ሦስተኛ ነገር አብረው የሚያዩ ይመስላሉ። ቪዲዮህ ስለ ተለያዩና ስለሚፈላለጉ ሁለት ሰዎች ከሆነ ይኼ ግማሽ ሥራህ ነው። «ካልተመቸኝ እንደ መስታወት እገለብጠዋለሁ» ልትል ትችላለህ። በሌላ አኒሜ ታልፈው ይሆናል። እዚህ ግን የኤድዋርድ የብረት እጅ ቀኙ ነው፣ የብረት እግሩ ደግሞ ግራው። ስትገለብጠው እጁ ግራ ይሆናል፣ ይኼን ተከታታይ የሚወድ ሰው ደግሞ በግማሽ ሰከንድ ይይዝሃል። ጓንት አድርጎ ኮቱን ከለበሰ ታመልጣለህ። እጅጌው ከተጠቀለለ ግን አትሞክረው። በዚያው ላይ የጊዜ ቅደም ተከተሉን ተጠንቀቅ፤ እጁ ሥጋ የሆነበት ልጅነቱና መጨረሻው አለ፣ መሃል ላይ ካቀላቀልካቸው ትዝታ ሳይሆን ስህተት ይመስላል።

የአፉ ነገር። ሰው በዘፈን ላይ አፉ ሲንቀሳቀስና ድምፁ ሳይሰማ ሲቀር ያስጠላል። የጃፓን አኒሜ አፍ ብዙውን ጊዜ ሦስት ሥዕል ነው፣ ዝግ፣ ግማሽ፣ ክፍት፣ እየተቀያየረ። ስለዚህ ከመናገሩ በፊት ወይም ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ያለችውን ትንሽ ዝምታ ፈልግ። ካሜራው ካልተንቀሳቀሰ ዝግ አፉን ከአንድ ፍሬም ወስደህ በማስክ (የሥዕሉን አንድ ክፍል ብቻ በሚያሳይ መሣሪያ) መለጠፍም ይቻላል፣ የቀረው ሥዕል ቆሞ ስለሆነ ሥራው አይከብድም። አልፎንስ ግን አፍ የለውም! ሲያወራም ዝም ሲልም ያው ነው። የእሱን የንግግር ሾቶች በሙሉ ያለ ሐሳብ ትጠቀማለህ። ከኤድዋርድ የሚተርፍህ ጥቂት ስለሚሆን በአልፎንስ ትሞላዋለህ፣ ያ ደግሞ ከታሪኩ ጋር ይሄዳል። ዝም ብሎ የሚጠብቀው እሱ ነዋ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ኤድዋርድን አጭር ሲሉት ሥዕሉ ወደ ቀልድ የሚለወጥባቸው ሾቶች ስፍር ቁጥር የላቸውም። ለትዝታ አይሆኑም። አትመዝግባቸው፣ ምክንያቱም ከመዘገብካቸው ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ደክሞህ ታስገባቸዋለህ።

ደረጃው ሦስት ነው፣ ሀ፣ ለ፣ ሐ። ሀ ማለት ያለ እሱ ቪዲዮውን አልሠራም። ከ15 በላይ ሀ አይፈቀድልህም። ለ ማለት ይጠቅማል። ሐ ማለት ቀዳዳ መድፈኛ ነው፤ ባቡር፣ ሰማይ፣ መስኮት፣ ደመና፣ ባዶ ኮሪደር። ሐ አትናቅ። ሁለት ከባድ ሾቶች መሃል ሰው የሚተነፍስበት እሱ ነው፣ ይኼ ተከታታይ ደግሞ ባቡር አያጣም። ጠቅላላው 300 ከደረሰ አቁም፣ የሚያስፈልግህን ሦስት እጥፍ ይዘሃል።

የመክፈቻና የመዝጊያ ዘፈኖቹን ሥዕል በተመለከተ ምክሬ አትንካቸው ነው። አምስት መክፈቻና አምስት መዝጊያ አሉት፣ ሁሉም ያምራሉ፣ ጽሑፍ የሌለባቸውም በብሉ ሬይ ላይ ይገኛሉ። ግን አስቀድመው በሌላ ዘፈን ምት የተቆረጡ ናቸው። የሰው ዳንስ ነው የምትዋሰው።

አሁን የፋይሉ ነገር፣ ቶሎ ልለፈው። በካፕከት እየቆረጥክ ማስቀመጥህ ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ ባስቀመጥክ ቁጥር ቪዲዮው እንደገና ይጨመቃል፣ የመጨረሻውን ስታወጣ ደግሞ ሌላ ጊዜ፣ በዚህ ላይ ከቴሌግራም ያወረድከው ከሆነ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የተጨመቀ ነው። አኒሜ ላይ ይኼ ቶሎ ይታያል፤ ሰማዩ ላይ መስመር መስመር ይሠራል። ሁለተኛ፣ አኒሜው በሰከንድ 24 ፍሬም ገደማ ነው፣ በትክክል 23.976። ስታስቀምጥ 30 ላይ ሆኖ ከነበረ በየአራቱ ፍሬም አንዱ ተደግሟል፣ ካሜራው ቀስ ብሎ ሲንቀሳቀስ ንቅንቅ ይላል። ስለዚህ ኤዲት የምታደርገው ከሙሉው ክፍል ላይ ነው። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባል የኤዲቲንግ ፕሮግራም በነጻ አለ፣ እሱ ውስጥ ክፍሉን ሳትቆርጥ ከዚህ እስከዚህ ብለህ ምልክት አድርገህ ሰብክሊፕ (ከሙሉው ፋይል የተመረጠ ቁራጭ) ማውጣት ትችላለህ፣ ዋናው ፋይል አይነካም። ጫፍና ጫፉ ላይ የሚቀጥለው ሾት አንድ ፍሬም እንዳይተርፍ ግን አጉልተህ እይ። ያቺ አንድ ፍሬም ብልጭ ስትል ቪዲዮው የጀማሪ ነው ብላ ትጮሃለች።

ላፕቶፕህ ከከበደው፣ ጥፋቱ የፋይሉ ነው። ኤች 264 የሚባለው የቪዲዮ መጭመቂያ ሙሉ ሥዕል የሚይዘው አልፎ አልፎ ነው፤ መሃል ያሉት ፍሬሞች «ከጎረቤቴ የተለወጠው ይኼ ነው» ብቻ ነው የሚሉት። ለማየት ይመቻል፣ ወዲያ ወዲህ እየዘለልክ ለመቁረጥ ግን ኮምፒውተሩ በየዝላዩ ሒሳብ መሥራት አለበት። ፕሮክሲ አድርግለት፣ ማለትም ለሥራ ብቻ የሚሆን አነስ ያለ ቅጂ ይሥራና መጨረሻ ላይ ወደ ዋናው ይመለስ። የግርጌ ጽሑፍ ሥዕሉ ላይ የታተመበት ቅጂ ከሆነ የያዝከው፣ ሌላ ፈልግ፤ የሚጠፋ ጽሑፍ ያለው ነው የሚያስፈልግህ።

የፋይሎቹን ስም አሁኑኑ አስተካክልና ከዚያ በኋላ አትንካው። ክፍል 01፣ ክፍል 02፣ ክፍል 64፣ ዜሮዋን አትርሳ፣ አለበለዚያ ከ1 ቀጥሎ 10 ይመጣል። በላቲን ፊደል ብትጽፈው ይሻላል፣ አንዳንድ ፕሮግራም የእኛን ፊደል በፋይል ስም ላይ ሲያይ ይደናበራል። አንዴ እኔ ግማሽ የሠራሁትን ትቼ ፎልደሮቼን ላሳምር ብዬ ስም ቀየርኩ። ስመለስ ታይምላይኑ (ክሊፖቹ የሚደረደሩበት መስመር) በሙሉ ቀይ ሆኗል፣ ፋይሉ የለም ይላል። ሁለት ሌሊት አንድ በአንድ ሳገናኝ አደርኩ። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክም ላይ ተጠንቀቅ፣ ዊንዶውስ አንድ ቀን ኢ ብሎ የጠራውን ሌላ ቀን ኤፍ ይለዋል፣ ያው ጣጣ ነው። መብራት ጠፋ መጣ በሚልበት ሰፈር ከሆንክ ደግሞ በራሱ የሚያስቀምጠውን ማስተካከያ አብራው፣ ፕሮጀክቱንም በየማታው ሌላ ቦታ ቅዳ። እሱ ትንሽ ፋይል ነው፣ ስልክህ ላይም ይገባል።

ማደራጀቱ እንግዲህ ቀላል ይሆናል። ሪዞልቭ ውስጥ ቢን (የክሊፕ ማስቀመጫ ፎልደር) ክፈት፣ በክፍል ቁጥር ሳይሆን በሚሠሩት ሥራ። ለዚህ ቪዲዮ እኔ ብሆን «እጅ»፣ «መጠበቅ»፣ «መንገድ»፣ «ቤት»፣ «መለያየት»፣ «ድልድይ» እላቸው ነበር፤ ድልድይ ሐዎቹ ናቸው። ሀዎቹን አረንጓዴ ቀለም ስጣቸው። አንድ ሾት ሁለት ቢን ውስጥ ቢገባ ችግር የለም። የኤድዋርድ የብር ኪስ ሰዓት ውስጥ ያለው «3 ኦክቶበር 11ን እንዳትረሳ» የሚለው ጽሑፍ ለምሳሌ «ቤት»ም «መለያየት»ም ነው፣ ቤታቸውን ያቃጠሉበት ቀን ስለሆነ። ከዚያ የእያንዳንዱን ቢን ክሊፖች አንድ ረዥም ታይምላይን ላይ ደርድርና ዘፈኑን ከሥር ለቀህ ዝም ብለህ እይ። ሳትቆርጥ። አንዳንዱ በአጋጣሚ ከዘፈኑ ጋር ይገጥምና ፀጉርህ ይቆማል። እሱን መዝግብ። የሠራኋቸው ምርጥ ቅጥሎች ግማሾቹ እንደዚህ የመጡ ናቸው፣ እኔ አስቤያቸው አይደለም።

አሁን ችካሎቹ። 20 ሰከንድ ላይ የቆምከው ከሰከንድ ዜሮ ስለጀመርክ ነው። ከመጀመሪያ ወደ መጨረሻ አትሂድ። መጀመሪያ ከሀዎቹ ስድስቱን ወይም ስምንቱን ክብ ያደረግክባቸው ቦታዎች ላይ ትከላቸው፣ ሌላው ጥቁር ሆኖ ይቆይ። ኤድዋርድ የአልፎንስ ገላ የቀረበት በር ጋር የአልፎንስን የከሳ ገላ አይቶ ወደ እሱ ሲሮጥ፣ ተጎትቶ ሲወሰድ፣ እመለሳለሁ እያለ ሲጮህ፣ ያ ትልቁ ችካልህ ነው ብዬ እገምታለሁ። የዘፋኙ ድምፅ የሚሰበርበት ቦታ ላይ ይሁን። (አዎ፣ እዚያ ላይ አፉ ይንቀሳቀሳል። ጩኸት ግን ንግግር አይደለም፣ ከዘፋኙ ረዥም ድምፅ ጋር ከገጠመ እንዲያውም እሱ የሚዘፍን ይመስላል።) ከዚያ ከችካል ወደ ችካል የሚያደርስህን መንገድ በ«ለ» እና በ«ሐ» ሾቶች ሥራ። አሁን ጥያቄህ «ከ1,100 የቱ?» መሆኑ ይቀራል፤ «ከዚህ ሾት ወደዚያኛው በ14 ሰከንድ እንዴት እደርሳለሁ?» ይሆናል። ይኼ መልስ አለው።

ምቱን በተመለከተ፣ ስለ ኤኤምቪ የሚያስተምሩት አብዛኞቹ አራት አራት በሚቆጠር ዘፈን ነው የሚያስተምሩት። ያንተ ግን፣ እንዳዳመጥኩት፣ ሦስት ሦስት እየተቆጠረ የሚሄድ ነው። ትልቁ ምት በደቂቃ 60 አካባቢ ነው፣ ማለትም በሰከንድ አንድ፣ 24 ፍሬም። ውስጡ ያሉት ሦስቱ ትናንሾች እያንዳንዳቸው 8 ፍሬም ናቸው። በ12 ፍሬም፣ ማለትም መሃሉ ላይ፣ ከቆረጥክ ሰው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ምቾት ይነሣዋል። ትልቁ ላይ ወይም ሦስተኛዋ ትንሽ ላይ ቁረጥ፤ ሦስተኛዋ ላይ ስትቆርጥ የሚቀጥለው ሾት እግሩን አንሥቶ የገባ ይመስላል፣ እስክስታ ላይ ትከሻው ከምቱ ትንሽ ቀደም እንደሚለው። ግን በካልኩሌተር አትደርድር፤ 23.976 ልክ 24 ስላልሆነ ዘፈንህ መጨረሻ ላይ ስድስት ፍሬም ያህል ትስታለህ። እየሰማህ ቁልፍ በመጫን ታይምላይኑ ላይ ማርከር (ምልክት) አድርግ።

ሁሉም ምት ላይም አትቁረጥ፣ በእግዜር። ሾቱ ውስጥ ያለው እንቅስቃሴ ምቱን ቢመታው ይበልጣል፤ እጁ መሬት ሲነካ፣ በሩ ሲዘጋ፣ ዓይኑ ሲከደን። ሠንጠረዥህ ላይ ግስ ያስጻፍኩህ ለዚህም ነው፣ ግስ ያለው ሾት የሚመታበት ፍሬም አለው። ኦስካር ያገኘው አሜሪካዊ የፊልም ኤዲተር ዋልተር መርች ለመቁረጥ የሚያበቁትን ምክንያቶች በመቶኛ ሲደረድር ለስሜት 51፣ ለታሪክ 23፣ ለምት 10 ነው የሰጠው። ምት ሦስተኛ ነው፣ ለዚያውም በሩቁ። ምቱን ስታ ስሜቱን የያዘች ሾት ካለችህ ተዋት፣ ትቀመጥ።

የመጨረሻው ጥያቄህ ላጥፋቸው ወይ ነበር። አታጥፋቸው። ኤዲት አታድርግባቸው እንጂ የማስታወሻ ደብተር ናቸው፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ልብህ የት የት እንደቆመ ያሳያሉ። ፎልደሩን በትልልቅ ምስል ክፈትና በአንድ ሰዓት ውስጥ ከላይ እስከ ታች እይ፣ ዐረፍተ ነገርህን የሚያልፍ ካለ ከየትኛው ክፍል እንደሆነ አስታውሰህ ሠንጠረዡ ላይ ጻፈው፣ ከዋናው ላይ እንደገና ታወጣዋለህ። ፎልደሩን ግን ከሥራው ፎልደር ውጭ አድርገው፣ ሲደክምህ እጅህ እንዳይገባ።

ሠንጠረዡን ስትጨርስ 15ቱን ሀዎች ላክልኝ፣ አያቸዋለሁ። የሮይ እሳት ከመካከላቸው ካለ እንጣላለን።